ዘርፉ ከእድር የተሰረዘችበት እሑድ

«ሳፊያ የወንድሟን መርዶ የሰማችው ቲማቲም እየመረጠች ነው» አለች አንዷ ሴት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «አትይኝም!» አለች ሌላዋ። «ሙች ስልሽ! ሻጩ ኪሎውን ሰማንያ ብር ይላታል፣ እሷ ሰባ ትለዋለች፣ በዚህ መሃል ስልኳ ጢን ይላል። ስትከፍተው የወንድሟ ፎቶ። ከሥሩ ‹ኢናሊላሂ› ተብሎ ተጽፏል። ቲማቲሙን በእጇ እንደያዘች እዚያው አቧራው ላይ ቁጭ አለች። ደግፎ የሚይዛት ዘመድ የለ፣ ጎረቤት የለ። ሻጩ ነው አሉ ውኃ ያጠጣት።»

ይህ የተወራው አዳማ ውስጥ፣ በወንጂ ልጆች እድር ወርሃዊ ስብሰባ ላይ ነው። ሶረቲ ከኋላ ካለው አግዳሚ ላይ ሆና ሰማችው። እድሩ ወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሰፈር ተወልደው ኑሮ ወደ አዳማ፣ ወደ መተሐራ፣ ወደ ባቱና ወደ ሻሸመኔ የበተናቸው ሰዎች እድር ነው፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አንድ ላይ። ከጥቂት ዓመት ወዲህ በቴሌግራም ተሰባስበው ነበር፣ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሰው። የልደት ፎቶ፣ የጠዋት ሰላምታ፣ ቀልድ፣ የመዋጮ ማስታወሻ፣ ሞትም ጭምር ሁሉም በዚያው በአንድ በር ይገባል። ያን ዕለት ሊቀመንበሩ ጋሽ ገብረኪዳን ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «በሳፊያ የደረሰው በሌላ ሰው አይደርስም። ሶረቲ የኮምፒውተር ልጅ ናት። ሰው ሁሉ የሚገናኝበት የተሻለ ቦታ ካለ ትምረጥልን» አሉ። የፊታችን እሑድ በአሥር ሰዓት መልሷን ይዛ ቤታቸው ድረስ እንድትመጣም ቀጠሯት።

እሑድ ደረሰ። ሶረቲ ከአክስቷ ከዘርፉ ጋር የምትኖረው ፍራንኮ አካባቢ፣ ኒም ዛፍ ያለበት ግቢ ውስጥ፣ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነው። በሥራ ቀን አዲስ አበባ ላለ ድርጅት ከዚያችው ቤት ሆና ፕሮግራም ትጽፋለች፤ ዛሬ ግን ጠረጴዛው የእድሩ ነው። ቬንትሌተሩ አንገቱን ወዲያና ወዲህ ያዞራል፣ መጋረጃው ይነፋና ይተኛል፣ ከውጭ የአዳማ ነፋስ አቧራውን እያነሳ ከቆርቆሮው ጋር ይነጋገራል። ኮምፒውተሯ ላይ ሠንጠረዥ ሠርታለች፣ ሦስት ረድፍ። አንዱ ያው ቴሌግራም ነው፤ ሽማግሌውም አሮጊቷም ለምደውታል። ሁለተኛው ዲስኮርድ የሚባለው ነው፤ ጓደኛዋ ሞቲ፣ «ዴቨሎፐር ሆነሽ ሌላ ነገር ማሰብሽ ራሱ ያሳፍራል፣ ለሁሉም ጉዳይ የየራሱ ክፍል አለው እኮ» ብሎ ያደከማት። ሦስተኛው ራሷ የምትሠራው የእድሩ ድረ ገጽ ነው፤ ሰው ራሱ ሄዶ የሚያነበው፣ እንደ ማስታወቂያ ሰሌዳ ያለ። ለእያንዳንዱ ነጥብ ትሰጣለች። በአሮጌ ስልክ ይከፈታል ወይ? ፓኬጅ ይበላል ወይ? አማርኛና አፋን ኦሮሞ ያሳያል ወይ? ከሁሉ ትልቁን ነጥብ የሰጠችው ለአንድ መስመር ነው፤ መልእክት በስንት ሰከንድ ያደርሳል? የሚል። በዚህ ቴሌግራምን የሚያህል አልተገኘም።

ዘርፉ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ በሩ አጠገብ ካለችው የፕላስቲክ ወንበር ላይ ምስር ትለቅማለች። ስልኳን ራሷ በሠራችው የዳንቴል ከረጢት አንገቷ ላይ ነው የምታንጠለጥለው፤ ያን ሰዓት ግን ባትሪው አልቆ መስኮቱ ላይ ቻርጅ ተሰክቷል። «ሶሬ፣ ያ ማሽንሽ ምን አለሽ?» ትላለች በየመሃሉ። «እየተከራከርን ነው፣ አክስቴ» ትላለች ሶረቲ። «ይበል። ጥሩ አድርጊና ተከራከሪው።» እንዲህ ተባብለው ዝም ይላሉ። ዝምታቸው የሁለት የተዋደዱ ሰዎች ዝምታ ነው፣ የምስሩ ጠጠር ሳህኑ ላይ ጠብ ሲል የሚሰማበት።

አራት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። የሶረቲ ኮምፒውተር ላይ የእድሩ ቡድን ብልጭ አለ። የጻፈው ባቱ ያለው ጃፋር ነው፣ ዓሣ ነጋዴው፣ ልበ ቅኑ ጃፋር፣ ሰው ሁሉ ቶሎ ይወቅ ብሎ የሚቸኩለው። ፎቶ አለው። በፎቶው ላይ መርዳሳ ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፍቶ፣ በመተሐራ የሸንኮራ ማሳ ፊት ለፊት ቆሞ ይስቃል። ከሥሩ፣ «ወንድማችን መርዳሳ ዛሬ ንጋት ላይ በድንገት አርፏል። ነፍስ ይማር» ይላል።

መርዳሳ የዘርፉ ታላቅ ወንድም ነው።

ሶረቲ አልጮኸችም። እጇ ነው የሠራው እንጂ እሷ አልነበረችበትም። የቡድኑ አስተዳዳሪ ናትና የጃፋርን መልእክት ከሁሉም ስልክ ላይ አጠፋችው። ከሥሩ አራት «ነፍስ ይማር» በቅለው ነበር፣ እነሱንም አጠፋች። አጥፍታ ሳትጨርስ ሌላ ሦስት መጣ። ልክ እንደ አዳማ አቧራ ነው፤ ጠርገሽው ዞር ስትይ ተመልሶ ይተኛል። መስኮቱ ላይ የዘርፉ ስልክ፣ ጢን፣ አለ። ጢን፣ ጢን። ዘርፉ የምስሩን ሰፌድ ከጭኗ አንሥታ፣ «ማነው እሱ በእሑድ ምድር?» ብላ ልትነሣ ወገቧን ያዘች። ያን ጊዜ ሶረቲ የቀራትን ብቸኛ ነገር አደረገች። ከሦስት መቶ አሥራ ሁለቱ ስሞች መካከል የአክስቷን ስም ፈልጋ፣ ነክታ፣ ከቡድኑ አስወጣቻት። ስልኩ ዝም አለ። «ሲም ካርድ ሻጮች ናቸው፣ አትነሺ» አለች። ድምፅዋ የሌላ ሰው ድምፅ መሰላት።

ከዚያ ውኃ ልትቀዳ እንደምትሄድ ሆና ከሮቶው ጀርባ ገብታ ጋሽ ገብረኪዳን ጋ ደወለች።

«ሰምቻለሁ ልጄ» አሉ ገና ሳትናገር። «ዘርፉ ሰማች?»

«አልሰማችም።»

«ተመስገን! በይ ዛሬ እህል ትቅመስ፣ እንቅልፏንም ትተኛ። ነገ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ሳይነጋ እንመጣለን። ቀብሩ መተሐራ ነው፣ በስምንት ሰዓት። መኪና ይዘናል። እስከዚያ አደራ፣ ከፊትሽ ላይ እንዳታነብብሽ። አንቺ የተማርሽ ልጅ ነሽ፣ ጠንከር በይ።»

ስልኩ ተዘጋ። መርዳሳ ለሶረቲም አጎቷ ነው፤ ሕፃን ሆና ሸንኮራ በጥርሱ ልጦ ያበላት አጎቷ። ጋሽ ገብረኪዳን በዚያ ጥድፊያ ይህን አላሰቡትም። እሷም እንድታስበው ጊዜ የሰጣት የለም። በጆግ ውኃ ቀድታ፣ ፊቷን ታጥባ ገባች።

ምሳ በሉ፤ ምስር ወጥ። ዘርፉ ስለ መርዳሳ አወራች፤ ሰው ሲሞት ስሙ ሳይጠራ አይውልም መሰለኝ። «መርዳሳ ባለፈው ሲደውል ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? የበሰቃ ሐይቅ እንደገና ወደ መንገዱ ቀርቧል አለኝ። አንድ ቀን አልጋዬ ድረስ መጥቶ ይቀሰቅሰኛል ብሎ ሳቀ። ይቺ ቀልድ ስንት ዓመት ሙሉ አትሰለቸውም?» ሶረቲ ጉርሻዋን በውኃ አወረደችው። «ብሊ እንጂ፣ ምነው?» አለቻት ዘርፉ። «ሙቀቱ ነው» አለች።

ከምሳ በኋላ ያለው የአዳማ ሰዓት ሰውንም ውሻንም የሚያስተኛ ሰዓት ነው። ዘርፉ አልጋዋ ላይ ጋደም አለች። ሶረቲም ቡድኑን እየጠበቀች፣ አዲስ የመጣውን «ነፍስ ይማር» እያጠፋች፣ ጭንቅላቷ ጠረጴዛው ላይ ወደቀ። ሕልም ይሁን ሐሳብ አልለየችውም። የወንጂን ሰፈር አየች፣ ያን በአንድ መስመር የተሠራ የሠራተኛ ቤት፣ ረጅም፣ ማለቂያ የሌለው፣ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት በር ያለው። ከሰማይ የተቃጠለ የሸንኮራ ጥላሸት እንደ ጥቁር ላባ በቀስታ ይወርዳል፤ አየሩ ሞላሰስ ሞላሰስ ይሸታል። የቤቶቹ ግድግዳ ስስ ነው፤ አንዱ ቤት ሲያስል ሌላው ቤት «ይማርህ» ይላል። ግን በአንደኛው በር ላይ ሰዎች ቆመዋል፣ ጣታቸውን በከንፈራቸው ላይ አድርገው። ከጎን ቤት ያሉትም ልጆቻቸውን ዝም አሰኝተዋል። ሬድዮው ተዘግቷል። መስመሩ ሁሉ ከዳር እስከ ዳር ያውቃል፣ ያቺ አንዲት በር ብቻ አታውቅም፤ ሰው ሁሉ እስኪነጋ በእግሩ ጣት ጫፍ ይራመዳል። ሶረቲ በሕልሟ፣ እኔ የሠራሁት ሠንጠረዥ ላይ ይሄ የለም፣ አለች። ስንት ሰከንድ ያደርሳል ብዬ ጠየቅሁ እንጂ፣ ስንት ሰዓት ዝም ማለት ይችላል ብዬ አልጠየቅሁም።

«ሶሬ» የሚል ድምፅ ቀሰቀሳት። ዘርፉ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ስልኳን ዓይኗ ሥር አስጠግታለች። «ሶሬ፣ እድሩ የለም።»

«ኔትወርክ ይሆናል።»

«የቤተ ክርስቲያኑ አለ። የእህቶች ማኅበር አለ። እድሩ ብቻ ነው የጠፋው።» ሶረቲ መላ ሳትመታ ዘርፉ ለልብ ጓደኛዋ ለአሚራ ደወለች፣ እንደ ልማዷ ድምፁን ከፍ አድርጋ። «አሚራ፣ እድሩ አንቺ ስልክ ላይ አለ?»

አሚራ ከወዲያ በኩል፣ «እ... አለ። ማለቴ የለም። ነበረ እንዴ? ቆይ ቆይ ዘርፍዬ፣ ወጡ አረረብኝ» ብላ ዘጋችው። አሚራ በሕይወቷ ወጥ አሳርራ አታውቅም።

ዘርፉ ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ፊቷ ቀስ ብሎ፣ እንደሚመሽ ቀን ጠቆረ። «አባረሩኝ» አለች። ሶረቲ፣ «ኧረ አክስቴ!» ብትል አልሰማቻትም። «ሁለት ለቅሶ በተከታታይ ቀርቻለሁ። ጉልበቴ ነው ብዬ አስታውቄያለሁ፣ ግን ማን ያምናል? የእድሩንም ትልቁን ድስት ክዳኑን አጣምሜ ነው የመለስኩት። ያን ቀን ገብረኪዳን ክዳኑን አይተው አንገታቸውን ነቀነቁ። እኔ እኮ ያኔ ነው የገባኝ።» ስልኳን መልሳ አንገቷ ላይ አንጠለጠለችና፣ «ስሞት ማን ያነሣኛል፣ ሶሬ? አንቺ ብቻሽን ልታነሺኝ ነው?» አለች።

ሶረቲ፣ እኔ ነኝ ያስወጣሁሽ፣ ልትል አፏን ከፈተች። ለምን? ስትባልስ? መልሳ ታስገባት ይሆን ብላ ስልኳን ሰረቅ አድርጋ አየች፤ እሷ ሸለብ ባላት ጊዜ አርባ አንድ የሐዘን መልእክት ተደርድሯል። «ስህተት ይሆናል፣ የኮምፒውተር ስህተት» አለች። ዘርፉ ግን ተነሥታለች። የቤተ ክርስቲያን ቀሚሷን መልሳ ለበሰች፣ ነጠላዋን አደረገች፣ ጥላዋን አነሣች። «ሰው የሚጠየቀው ፊት ለፊት ነው። አንቺም በአሥር ሰዓት እዚያ ቀጠሮ አለሽ አይደል? እንሂድ።»

ባጃጁ ኮንትራት መቶ ሃምሳ ብር ጠየቀ፣ በመቶ ሃያ ተስማሙ። ሹፌሩ ጨዋ ልጅ ነው፤ በመስታወቱ ዘርፉን አይቶ፣ «አዴ፣ አከም ጅርቱ?» ብሎ በአፋን ኦሮሞ ደኅንነቷን ጠየቀ። «ፈያ» አለች ዘርፉ በልማድ፤ ከዚያ ግን ልቧ እምቢ አላትና፣ «ምን ፈያ አለ፣ ልጄ! ከእድር አባረሩኝ» አለችው። ልጁ ፍሬን ሊይዝ ምንም አልቀረው። «ከእድር? ኧረ ወየው! ሰው ገደሉ እንዴ?» «ክዳን አጣመምኩ» አለች ዘርፉ። ሶረቲ በዚያ ሁሉ ጭንቀት መሃል ሳቋ ሊያመልጣት ሲል ከንፈሯን ነከሰች። ለጋሽ ገብረኪዳን፣ ‹እየመጣን ነው፣ እሷም አብራኝ ናት› ብላ ጻፈች። መልእክቱ ሄደ እንጂ ያነበበው የለም። የጅቡቲ የጭነት መኪኖች በጎናቸው በረድፍ ያልፋሉ፤ ነፋሱ የፕላስቲክ ከረጢት ያበራል፤ መንገዱ ሁሉ በብርሃን ውስጥ ይዋኛል። ዘርፉ ወደ ውጭ እያየች፣ «ለመርዳሳ እነግረዋለሁ፤ እሱ መጥቶ ያስታርቀኛል» አለች ለራሷ። ሶረቲ እጇን ያዘቻት። የዘርፉ እጅ ሞቃት፣ የምስር ሽታ ያለው ነው።

የጋሽ ገብረኪዳን ግቢ በር ገርበብ ብሏል። ዘርፉ ገፍታ ገባች። ግቢው ውስጥ ወደ ሃያ ሰው አለ። የእድሩ ድንኳን ከመጋዘን ወጥቶ መሬት ላይ ተዘርግቷል፣ ሁለት ሰዎች ገመዱን ይጠቀልላሉ፣ አግዳሚ ወንበሮች ለመጫን ተደርድረዋል። አሚራ ከሴቶች መሃል ተቀምጣ ዓይኗን በሻሿ ትጠርጋለች። ዘርፉን ሲያዩ ሁሉም ባሉበት ደረቁ፤ ገመድ ጠቅላዩ ገመዱን በእጁ እንደያዘ፣ ጋሽ ገብረኪዳን አንድ እግራቸውን ደረጃው ላይ እንዳደረጉ።

«ድንኳኑ ለማነው?» አለች ዘርፉ።

አሁን ነው፣ አለች ሶረቲ በልቧ። እዚህ፣ ቆማ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ተከስሳ በመጣችበት ቀን።

«ለ... አቧራው» አሉ ጋሽ ገብረኪዳን። ሰባ ዓመታቸው ነው፣ ውሸት አልለመደባቸውም። «አቧራ በላው። እናጥበው ብለን ነው።»

ዘርፉ ድንኳኑን ተወችው። የራሷ ነገር አንቆ ይዟታል። ጥላዋን አጥፋ፣ ነጠላዋን አስተካክላ ግቢው መሃል ቆመች። «ጋሽ ገብረኪዳን፣ እርስዎ አባቴ ነዎት፣ ይፍረዱኝ። ምን አጠፋሁ? ለቅሶ ስቀር ጉልበቴ ነው። ክዳኑንም ቢሆን አስጠግናለሁ። በወንጂ በአንድ ቧንቧ ተሰልፈን ያደግን ሰዎች እንዴት ስሜን በጎን ትሰርዙታላችሁ? ቢያንስ ጠርታችሁ አትነግሩኝም?»

ጋሽ ገብረኪዳን መጀመሪያ አልገባቸውም። ሶረቲን አዩ። ሶረቲ ከአክስቷ ትከሻ በላይ ስልኳን አንሥታ፣ በሌላ እጇ ደረቷን ነካች፤ እኔ ነኝ። ያን ጊዜ የሽማግሌው ፊት በራ። ከደረጃው ወርደው በከዘራቸው ወደ ሶረቲ ጠቆሙ። «ይቺ ናት! ይቺ ልጅሽ! አዲስ ቦታ እመርጣለሁ ብላ ስትነካካ የሰው ስም ታጠፋለች! እኛ መቼ ሰረዝንሽ? አንቺን ሰርዘን እድር አለን? ንገሪያት እስቲ፣ አንቺ ልጅ!»

«እኔ ነኝ፣ አክስቴ» አለች ሶረቲ። «ስሞክር ተሳስቼ ነው። ፈራሁና አልነገርኩሽም።»

ዘርፉ ዞር ብላ አየቻት። መጀመሪያ ተቆጣች፣ ከዚያ ትከሻዋ ወረደ፣ ከዚያ እንባዋም ሳቋም አንድ ላይ መጣ። «አንቺ ሞኝ! ነፍሴን አወጣሽው እኮ!» ጋሽ ገብረኪዳን ገና መውቀሱን ሲቀጥሉ ደግሞ፣ «በሉ እሺ፣ ልጄን አይቆጡብኝ። ሰው ሲሠራ ይሳሳታል፤ እኔስ ክዳን አጣምሜ የለ?» ብላ ከፊታቸው ቆመች። ግቢው ሳቀ። በሳቁ ውስጥ ሰው ሁሉ በነጠላው ጫፍ ዓይኑን ይነካካል፣ ለመሳቁ ይሁን ለሌላው አይለይም። «አንቺ ደግሞ ምን ያስለቅስሻል?» አለቻት አሚራን። «ጠፋሽ ብዬ ነዋ!» አለች አሚራ፤ አንገቷን አቅፋ ጥብቅ አደረገቻት፣ ከሚገባው በላይ ረዘም አድርጋ። ሴቶቹ አስቀመጧት፣ ጨጨብሳ በማር አቀረቡላት፣ ብይ እያሉ አስጨነቋት። ነገ የሚሆነውን የሚያውቅ እጅ ሁሉ ያጎርሳት ጀመር። ዘርፉ፣ «ዛሬ ምን ሆናችኋል፣ ሙሽራ ነኝ እንዴ?» እያለች በላች።

ሰው በሷ ተጠምዶ ሳለ ጋሽ ገብረኪዳን ሶረቲን ወደ መጋዘኑ ጎን ወሰዷት። «የየምድቡ ሰብሳቢ ለየሰዉ ይደውላል» አሉ። «እስከ ነገ ማንም አንዲት ቃል የሐዘን እንዳይጽፍ። አንቺ ደግሞ መልሰሽ አስገቢያት።» ቆም ብለው፣ «ለመሆኑ መረጥሽ?» አሏት።

«መርጫለሁ። ራሴ የምሠራውን ነው።»

«ከቴሌግራም ይፈጥናል?»

«አይፈጥንም፣ ጋሽዬ። ይዘገያል። እዚያ ሞት ሲጻፍ መጀመሪያ የሚታየው ለእርስዎና ለሽማግሌዎቹ ብቻ ነው። እናንተ ሄዳችሁ ለባለቤቱ ከነገራችሁ በኋላ ‹ተነግሯል› ብላችሁ ስትነኩት ያን ጊዜ ለሁሉም ይከፈታል። ካልነካችሁት ዓመትም ቢሆን ዝም ይላል።»

ሽማግሌው ከዘራቸውን መሬቱ ላይ አዞሩ። «እኔ እኮ ቴሌግራሙን ገና አሁን ነው የለመድኩት» አሉ፤ ከዚያም፣ «እንደ ሰው ዝም ማለት የሚችል ነገር ነው የምትሠሪው፣ በይ» አሉና የምትነካው ቁልፍ የትኛዋ እንደምትሆን ሁለት ጊዜ አስደግመው ጠየቋት።

ወደ አመሻሹ፣ ቤታቸው ተመልሰው፣ ሶረቲ አርባ አንዱን መልእክት አጥፍታ አክስቷን ወደ ቡድኑ መለሰቻት። ከሁሉ በፊት አሚራ ጻፈች፣ «እንኳን ደህና መጣሽ ዘርፍዬ»። ከዚያ ሳፊያ። ከዚያ ሻሸመኔ ያሉት፣ ባቱ ያሉት፣ መተሐራ ራሱ ያሉት፣ ምናልባትም ከመርዳሳ አስከሬን አጠገብ የተቀመጡት። አበባ ላኩ፣ ልብ ላኩ፣ የወንጂን የድሮ ፎቶ ላኩ። ሶረቲ ጣቷን ማጥፊያው ላይ አድርጋ እያንዳንዱን ቀድማ ታነባለች። አንድ ጊዜ ‹ጃፋር እየጻፈ ነው› የሚል መጣ። እየጻፈ ነው። ቆመ። እንደገና እየጻፈ ነው። ረጅም ጊዜ ቆየ። በመጨረሻ የመጣው አንድ ቃል ነው፣ «እህቴ»። ዘርፉ ለሁሉም በድምፅ መለሰች፣ ስልኩን እንደ ዳቦ አፏ ላይ አስጠግታ፤ «አሜን፣ አሜን፣ ክዳኑን አስጠግናለሁ!» እያለች። ቀኑ ሲመሽ የኒሙ ቅጠል ሁሉ ወርቅ ሆኖ ነበር። ዘርፉ፣ «መርዳሳ ብቻ ነው ያልጻፈልኝ» አለች። «እሱ ቴሌግራም አይወድም። ነገ እደውልለታለሁ።» እራት በላች፣ ጸለየች፣ ጥሩ እንቅልፍ ተኛች።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሰማዩ ገና አመድ ነበር። የግቢው በር ሳይንኳኳ ሶረቲ ከፈተችው። የእድሩ ሰዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ሻሻቸውን ጠበቅ አድርገው፣ ሳይነጋገሩ ገቡ፤ ከበሩ እስከ ኒሙ ግቢው ሞላ። ዘርፉ ልብሷን ደርባ በሩ ላይ ወጣች። ፊቶቹን አንድ በአንድ አየች፣ ትናንት ያጎረሷትን ፊቶች ሁሉ። አሚራና ሳፊያ በግራና በቀኝ ብብቷ ሥር እጃቸውን አስገብተው ነበር። ጋሽ ገብረኪዳን ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ዘርፉ ልጄ» አሉ፣ «ወንድምሽ መርዳሳ አርፏል።» አልወደቀችም፤ የሚይዛት እጅ ብዙ ነበረ። ጩኸቷ ቆርቆሮውን አልፎ ወጣ። ጎረቤት ሁሉ ተነሣ።

ብዙ አልቅሳ፣ ድምፅዋ ተሰብሮ ትንፋሽ ስታገኝ፣ በሰው መሃል ሶረቲን ፈለገቻት። ሶረቲ ከበሩ ጥግ፣ መኪናው የሚነሣበትን ሰዓት እየጠበቀች፣ ውኃ የያዘ ጆግ ታቅፋ ቆማለች፤ ዓይኗ ደረቅ ነው። «አንቺስ?» አለቻት ዘርፉ። «አንቺን ማን ነገረሽ?»

ሶረቲ ጆጉን አየች። «ስልኩ» አለች።

«መቼ?»

«ትናንት። ምስር ስትለቅሚ።»

ጋሽ ገብረኪዳን አንገታቸውን ደፉ። ዘርፉ ከአሚራና ከሳፊያ እጅ ወጥታ፣ በራሷ ጉልበት እያነከሰች መጣች፤ ጆጉን ከሶረቲ እጅ ተቀብላ ለሰው ሰጠችው። ወንበር አስመጣች፣ አስቀመጠቻት። ሴቶቹን በዓይኗ ጠራችና ሁለቱ በግራና በቀኝ የሶረቲን ትከሻ ያዙ። ከዚያ ዘርፉ ፊት ለፊቷ ተንበርክካ ፊቷን በሁለት እጇ ያዘች።

«ሶሬ ልጄ» አለች ቀስ ብላ፣ «አጎትሽ መርዳሳ አርፏል።»

ሶረቲ ትናንት ያነበበችውን ያን ጊዜ ሰማችው።